ሕዝብ በድረ ገጽ ሲናገር መንግሥትን እንዲሰማ የሚያስገድደው ምንድን ነው?

በጁላይ 2018 የአውሮፓ ኮሚሽን ለአባል አገሮች ሕዝብ አንድ ጥያቄ በድረ ገጹ አቀረበ። በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት ማዞሩ ይቀጥል ወይስ ይቅር? (ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፍራንክፈርት ወይም ስቶክሆልም የሚኖር ኢትዮጵያዊ ነገሩን በደንብ ያውቀዋል፤ ከአዲስ አበባ ጋር ያለው ልዩነት በአውሮፓ በጋ አንድ ሰዓት፣ በአውሮፓ ክረምት ሁለት ሰዓት እየሆነ ስልክ የሚደውልበትን ጊዜ ያዛባበታል።

እስከ ኦገስት 16 ድረስ 4.6 ሚሊዮን ሰው መልስ ሰጠ። ኮሚሽኑ ሕዝብን ባማከረባቸው ጊዜያት ሁሉ ይህን ያህል ምላሽ አግኝቶ አያውቅም ነበር። ከመላሾቹ 84 በመቶው «ይቅር» አሉ። ኮሚሽኑ ረቂቅ ሕግ አዘጋጀ፤ የአውሮፓ ፓርላማም በማርች 2019 በ410 ለ192 ድምፅ ደግፎ ሰዓት ማዞሩ በ2021 እንዲያበቃ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የአባል አገሮች ሚኒስትሮች ወደሚሰበሰቡበት ምክር ቤት ሄደ፤ እዚያው ቀረ። ሰዓቱ ዛሬም ይዞራል።

ከኮሚሽኑ ጥያቄ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2017፣ አንድ የታይዋን ዜጋ በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ምሬቱን ጻፈ። ግብር የሚያሳውቁበት ሶፍትዌር፣ በተለይ በማክ ኮምፒውተር ለሚሠራ ሰው፣ ከአቅም በላይ አስቸጋሪ ነው አለ። የገንዘብ ሚኒስቴሩ ሰዎች ለአቤቱታው የማስተባበያ ደብዳቤ በመጻፍ ፈንታ አማራሪዎቹን ጠርተው አብረዋቸው ተቀመጡ፤ ሶፍትዌሩን ደረጃ በደረጃ አሳዩአቸው፣ የት የት እንደሚያሰናክል ተነጋገሩ። በቀጣዮቹ ዓመታት የግብር ማሳወቂያው በአዲስ መልክ ተሠርቶ ወጣ።

4.6 ሚሊዮን ሰው ያልቻለውን ጥቂት አማራሪዎች የቻሉት እንዴት ነው? የጉዳዮቹ ክብደት እኩል አይደለም፤ ሃያ ምናምን መንግሥታትን ማስማማትና አንድ ሶፍትዌር ማሻሻል አይወዳደሩም። ሆኖም ሁለቱን ጉዳዮች አጠገብ ለአጠገብ ስናያቸው ልዩነቱ የመጣው ከተናጋሪው ብዛትም ሆነ ከድረ ገጹ ውበት እንዳልሆነ ይገባናል። ልዩነቱን ያመጣው የዜጋው ቃል ከተላከ በኋላ የሚሄድበት መንገድ ነው። ማን ይቀበለዋል? በስንት ቀን ይመልሳል? ተቀባዩስ የመወሰን ሥልጣን አለው?

ጉድጓዱ የማን ነው?

ከሁሉም የዜጋ ተሳትፎ ቀላሉ ቅሬታ ነው፦ የተቦረቦረ አስፋልት፣ የማይበራ የመንገድ መብራት፣ የተከመረ ቆሻሻ። በብሪታንያ ማይሶሳይቲ የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት በ2007 ፊክስ ማይ ስትሪት የሚሉትን ድረ ገጽ ለዚሁ ሲል ከፈተ። ነዋሪው ካርታው ላይ ብልሽቱ ያለበትን ቦታ ያመለክታል፤ ምን እንደሆነ በሁለት መስመር ይጽፋል፤ ፎቶ ካለው ያያይዛል። ጉዳዩ የየትኛው አስተዳደር ሥራ እንደሆነ ለይቶ መልእክቱን የሚያደርሰው ድረ ገጹ ራሱ ነው።

ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ብዙ ነገር ይዛለች። በእንግሊዝ አንዳንድ አካባቢዎች መንገዱን የሚጠግነው አንድ አስተዳደር፣ ቆሻሻውን የሚያነሣው ሌላ አስተዳደር ነው፤ ተራው ነዋሪ ይህን ክፍፍል እንዲያውቅ አይጠበቅም። እኛም ዘንድ ጉዳይ ያለበት ሰው ግማሽ ድካሙ «ይህ እኛን አይመለከትም» እየተባለ ከቀበሌ ወረዳ፣ ከወረዳ ክፍለ ከተማ መመላለሱ ነው። ፊክስ ማይ ስትሪት ያደረገው ነገር የመንግሥትን መዋቅር የማወቅን ሸክም ከዜጋው ላይ ማንሣት ነው።

ሁለተኛው ብልሃቱ ቅሬታው ለሁሉም የሚታይ መሆኑ ነው። ጎረቤት አይቶ ያው ጉዳይ መመዝገቡን ያውቃል፤ የአካባቢው ጋዜጠኛ የትኛው አስተዳደር ቶሎ እንደሚጠግን፣ የትኛው እንደሚያንቀላፋ ይቆጥራል። ሦስተኛ፣ ከአራት ሳምንት በኋላ ድረ ገጹ አመልካቹን «ተጠገነ ወይ?» ብሎ ይጠይቀዋል። «ሥራው ተጠናቋል» የሚለውን ሪፖርት የሚጽፈው ባለሥልጣን ብቻ ሳይሆን ጉድጓዱ ላይ በየቀኑ የሚያልፈው ሰው ጭምር ይሆናል ማለት ነው። ሶፍትዌሩ ማንም ወስዶ ሊጠቀምበት የሚችል ክፍት ሶፍትዌር ስለሆነ ኖርዌይና ዙሪክ የየራሳቸውን አበጁ። የዙሪክ ከተማ አስተዳደር ራሱ ተረክቦት ለነዋሪዎቹ መልሱን እዚያው ገጹ ላይ ይሰጣል።

ይሁን እንጂ ጉድጓድ ቀላል ጉዳይ ነው። ይጠገን የማይል ሰው የለም። ችግሩ የሚከብደው ዜጎች የሚጠይቁት ነገር ሕግ ሲሆን ነው።

ስንት ፊርማ፣ ለምን?

በኖቬምበር 2006 የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ጽሕፈት ቤት ዜጎች ፊርማ የሚያሰባስቡበት ድረ ገጽ ከፈተ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ መኪና ነጂ በነዳው ርቀት ልክ ይክፈል የሚለውን ዕቅድ የሚቃወም አቤቱታ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ፊርማ አገኘ። ቶኒ ብሌር ለፈራሚዎቹ በኢሜይል መልስ ልከው ዕቅዱን ቢያስረዱም፣ በአገር አቀፍ ደረጃ የታሰበው ክፍያ በኋላ ተተወ። ታዲያ ያን ጊዜ መንግሥትን የሚያስገድድ ደንብ አልነበረም፤ ያስደነገጠው ቁጥሩ ነበር።

በድንጋጤ ላይ የቆመ አሠራር ግን አይዘልቅም። ስለዚህ ከ2011 ጀምሮ ጉዳዩ ከፓርላማው ጋር እየተያያዘ መልክ ያዘ፦ 10,000 ፊርማ ያገኘ አቤቱታ ከመንግሥት የጽሑፍ መልስ ያገኛል፤ 100,000 የደረሰ ደግሞ ፓርላማው እንዲወያይበት ይታሰባል። በ2019 ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት የመውጣት ሂደቷን እንድትሰርዝ የሚጠይቅ አቤቱታ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ሰው ፈረመበት። ኤፕሪል 1 ቀን ውይይት ተደረገበት፤ መንግሥት አቋሙን አልለወጠም፤ አገሪቱም በጃንዋሪ 2020 ወጣች። ፈራሚዎቹ ቢያዝኑም ተታለሉ ማለት አይቻልም፤ ደንቡ የሰጣቸው ተስፋ መልስና ውይይት ብቻ ነበር፤ ሁለቱንም አግኝተዋል።

ፊንላንድ ከዚህ አንድ እርምጃ ትቀድማለች። ከማርች 2012 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት በስድስት ወር ውስጥ 50,000 ፊርማ የሰበሰበ የዜጎች ሐሳብ ወደ ፓርላማ ይገባል። ፓርላማው ሐሳቡን የመመርመር ግዴታ አለበት፤ የመቀበል ግዴታ ግን የለበትም። የፀጉር እንስሳት እርባታ ይታገድ የሚለው የመጀመሪያው ሐሳብ በ2013 ውድቅ ሆነ። የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን የሚመለከተው ደግሞ ከ160,000 በላይ ፊርማ ይዞ ገብቶ በ2014 መጨረሻ በ105 ለ92 ድምፅ አለፈ፤ በማርች 2017 በሥራ ላይ ዋለ። አንዱ ወደቀ፣ አንዱ አለፈ፤ ሁለቱም ግን በአንድ በር ገብተው በስም በተቆጠረ ድምፅ ተዳኙ። የትኛው እንደራሴ ምን እንዳለ ማንም ማየት ይችላል።

«መመርመር ግዴታ፣ መቀበል ግን አይደለም» የሚለው ደንብ ለአንዳንዱ ማምለጫ ይመስለዋል። ነገር ግን 50,000 ፈራሚ፣ ቢበዛም ቢያንስም፣ የሕዝቡ ቁራጭ ነው፤ ፓርላማውን የመረጠው ሕዝቡ በሙላት ነው። ፊርማ በምርጫ የተሰጠን ሥልጣን ልንጠቅ ቢል ነገ የተደራጀ ጥቂት ቡድን ሁሉ ያልተደራጀውን ብዙኃን ይገዛዋል። ፊርማ በአግባቡ ሊገዛ የሚችለው አጀንዳን ነው፤ ባለሥልጣኑ ሊያልፈው የፈለገውን ጉዳይ እንዳያልፈው ማድረግ።

የታይዋን ጆይን ድረ ገጽ ደግሞ ሌላ ነገር ጨምሯል። በ60 ቀን 5,000 ፊርማ ያገኘ ጥያቄ፣ ጉዳዩ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት በሁለት ወር ውስጥ መልስ ሊያገኝ ይገባዋል። ከዚህም በላይ በየሚኒስቴሩ የዜጎችን ጥያቄ ተቀብሎ የሚከታተል፣ ከሌሎች ሚኒስቴሮች አቻዎቹ ጋር እየተገናኘ የሚመክር የተሳትፎ ኃላፊ ተመድቧል። የግብር ሶፍትዌሩን ጉዳይ ከምሬት ወደ ሥራ ያሻገረው የዚህ ኃላፊ በቦታው መኖር ነው። ጥያቄው የሚገባበት ቢሮ፣ የሚጠየቅበት ሰው፣ የሚያልቅበት ቀን ነበረው።

የአውሮፓ ሰዓትም ለምን እንደተንጠለጠለ አሁን ግልጽ ይሆናል። ሕዝቡን የጠየቀው ኮሚሽኑ ነው፤ ኮሚሽኑ የራሱን ድርሻ ተወጣ፤ የመጨረሻው ቃል ግን የኮሚሽኑ አልነበረም። የመወሰን ሥልጣን ያላቸው መንግሥታት ለሕዝብ የገቡት ቃል አልነበረም። ጠያቂና ወሳኝ ሲለያዩ የሚሊዮኖች መልስ መሐል መንገድ ላይ ይቀራል።

ታክሲ፣ ኡበርና የማይመላለስ ክርክር

እስካሁን ያየነው «አድርጉልን» ወይም «ተዉልን» የሚል ድምፅ ነው። ዜጎች እርስ በርሳቸው ሲለያዩስ? ይህን ለመፍታት ብዙ የተደከመው ታይዋን ውስጥ ነው፤ መነሻው ደግሞ ግርግር ነበር። በማርች 18 ቀን 2014 ተማሪዎች ከቻይና ጋር የተደረገ የንግድ ስምምነት ያለ በቂ ምርመራ ሊጸድቅ ነው ብለው የፓርላማውን አዳራሽ ያዙ፤ እስከ ኤፕሪል 10 አልለቀቁም። ጎቭ ዜሮ የተባለው የበጎ ፈቃደኛ ፕሮግራመሮች ስብስብ ኬብል ዘርግቶ የአዳራሹን ውሎ በቀጥታ አስተላለፈ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አንዲት ሚኒስትር ወደ እነዚሁ ፕሮግራመሮች መጥተው ሕዝብና መንግሥት የሚመክሩበት መድረክ እንዲሠሩ ጋበዟቸው። ቪታይዋን የሚባለው ሂደት እንዲህ ተወለደ። ከፕሮግራመሮቹ አንዷ የነበረችው ኦድሪ ታንግ በ2016 የዲጂታል ጉዳዮች ሚኒስትር ሆነች።

ስም ያስገኘለት የ2015ቱ የኡበር ጉዳይ ነው። ኡበር ታይዋን ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር፤ የታክሲ ሹፌሮች ፈቃድ ሳያወጣ፣ እኛ የምንከፍለውን ሳይከፍል ገበያችንን ወሰደ ይላሉ፤ ተሳፋሪው ርካሽና ንጹሕ አገልግሎት አገኘሁ ይላል። በተለመደው የማኅበራዊ ሚዲያ አደባባይ ይህ ጠብ በስድብ ያልቅ ነበር። ቪታይዋን የተጠቀመበት፣ ሲያትል ውስጥ የተሠራ ሶፍትዌር ግን አንድ ነገር ይከለክላል፤ ሰው ለሰው መልስ መስጠት አይችልም።

ተሳታፊው አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ያያል፤ ለምሳሌ ተሳፋሪ የሚጭን ሁሉ የመድን ዋስትና ሊኖረው ይገባል የሚል። ይስማማል፣ አይስማማም ወይም ያልፈዋል። የራሱን ዓረፍተ ነገርም ጨምሮ ለሌሎች ድምፅ ያቀርባል፤ የሌላውን ግን መንቀፍ ወይም ማንቋሸሽ የሚችልበት ቦታ የለም። ኮምፒውተሩ ተመሳሳይ ድምፅ የሚሰጡትን እያሰባሰበ ቡድኖቹን በሥዕል ያሳያል፤ ሰውም ራሱ የት እንደቆመ፣ ከማን ጋር እንደሚቀራረብ ያያል። ዋናው ነገር ቀጥሎ ይመጣል። ሶፍትዌሩ የሚፈልገው አንዱን ቡድን የሚያስጨበጭበውን ሳይሆን በሁሉም ቡድኖች ዘንድ ድጋፍ ያገኘውን ዓረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ ሐሳቡ እንዲያልፍለት የሚፈልግ ሰው ከእርሱ የተለየውን ወገን ሊያስማማ በሚችል ቃል መጻፍ ይኖርበታል።

በመጀመሪያ ቀናት የኡበር ደጋፊና ተቃዋሚ ተብለው ሁለት ጎራዎች ተለያይተው ታዩ። ሳምንታት ሲያልፉ ግን የተሳፋሪ ደኅንነት፣ የመድን ዋስትና፣ የሹፌሮች ምዝገባና የታክሲዎችን አገልግሎት ማሻሻል ሁለቱንም የሚያገናኙ ነጥቦች ሆነው ወጡ። እነዚህን ነጥቦች ይዘው የኡበር ተወካዮች፣ የታክሲ ማኅበራት፣ የሚኒስቴር ኃላፊዎችና ምሁራን በቀጥታ በተላለፈ ስብሰባ ተወያዩ። በ2016 መንግሥት መደበኛ ታክሲዎች ቢጫ ቀለም ሳይቀቡ በመተግበሪያ እንዲሠሩ የሚፈቅድ ደንብ አወጣ። ጠቡ ግን በአንድ ጊዜ አልበረደም፤ ቅጣቱ ሲከብድ ኡበር በፌብሩዋሪ 2017 ሥራ አቋርጦ በኤፕሪል ተመልሷል። ቢሆንም ደንቡ ከየት እንደመጣ፣ ማን ምን እንዳለ መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ቆይቷል።

ቪታይዋን ራሱ ግን ከኋላው ሕግ አልነበረውም። መንግሥት ያመጣለትን ጉዳይ ይመክርበታል፤ ውጤቱን ለመቀበል የሚገደድ የለም። የጋበዙት ባለሥልጣናት ሲለወጡ እንቅስቃሴው ተቀዛቀዘ። ጆይን በአንጻሩ የመንግሥት መደበኛ ሥራ አካል ስለሆነ ጸንቷል።

ማን ቀረ?

ወደ 4.6 ሚሊዮኖቹ እንመለስና ማንነታቸውን እንይ። ሦስት ሚሊዮን ያህሉ ጀርመናውያን ነበሩ፤ በብዙዎቹ አባል አገሮች የተሳተፈው ከሕዝቡ አንድ በመቶ አይሞላም። ስለዚህ «84 በመቶው አውሮፓዊ» ማለት ስሕተት ነው፤ 84 በመቶው ከመለሱት ሰዎች ነው። ድረ ገጽ ሁሌም የሚሰበስበው ጊዜ፣ ግንኙነትና ብስጭት ያለውን ሰው ነው። ይህን ጉድለት በቁጥር ብዛት መሸፈን አይቻልም።

አይስላንድ መፍትሔ ሞክራለች። ከ2008ቱ የባንኮች ውድቀት በኋላ አዲስ ሕገ መንግሥት ስታስብ በ2010 በዕጣ የተመረጡ 950 ያህል ዜጎችን አንድ ቀን ሰብስባ መርሆቹን አስነገረች፤ ቀጥሎ 25 አባላት ያሉት ጉባኤ በ2011 ረቂቁን እየጻፈ በድረ ገጽ ላይ ይለጥፍ ነበር፤ ማንም አስተያየት ይሰጣል። ዕጣው ዝምተኛውን አመጣ፤ ድረ ገጹ ንቁውን። በኦክቶበር 2012 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ከሰጡት ሁለት ሦስተኛው ረቂቁ ለአዲሱ ሕገ መንግሥት መሠረት ይሁን አሉ። ፓርላማው ግን አላጸደቀውም። እንዲህ ያማረ ሂደት እንኳ ሥልጣን ካለው ደጃፍ ሲደርስ የሚከፍትለት ደንብ ካላገኘ ውጭ ያድራል።

ሌላው አስቸጋሪ ጉዳይ ፈራሚው እውነተኛ ሰው መሆኑ ነው። በ2016 በብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ስለመውጣት ሁለተኛ ሕዝበ ውሳኔ ይደረግ የሚል አቤቱታ ላይ ወደ 77,000 የሚሆኑ ፊርማዎች ሐሰተኛ ሆነው ተሰርዘዋል። ፊንላንድ ፈራሚውን በባንክ መለያ ወይም በመሳሰለው ታረጋግጣለች። ይህ ማጭበርበርን ይቀንሳል፤ ነገር ግን መንግሥትን መተቸት በሚያስፈራበት አገር ያው መዝገብ የተቃዋሚዎች ስም ዝርዝር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማረጋገጥና ማሳወቅ መለያየት አለባቸው፤ ሥርዓቱ ፈራሚው አንድ ሕያው ሰው መሆኑን ይወቅ፣ አቤቱታውን የሚያነበው ሹም ግን ስሙን አይየው።

በእኛ ደጅ

ኢትዮጵያ ውስጥ ሚኒስቴሮች፣ ከተሞችና ክፍለ ከተሞች የፌስቡክ ገጽና የቴሌግራም ቻናል አላቸው። ከሥሩ ሕዝቡ ይጽፋል፦ ውኃ ጠፋ፣ መብራት ሄደ፣ ካርታ አልተሰጠኝም። አብዛኛውን ጊዜ ይህ አስተያየት በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የአስተያየት መስጫ ሳጥን አይለይም፤ መክተቻው ክፍት ነው፣ ቁልፉ ማን ጋር እንዳለ ግን አይታወቅም። ተቋማቱ ገጾቹን የያዙት የራሳቸውን ዜና ለማሠራጨት ነው፤ ለመቀበል የተመደበ ሰውና ለመመለስ የተቆረጠ ቀን ከሌለ ደግሞ አዲስ መተግበሪያ ቢጨመርበት ነገሩ አይለወጥም።

የሚገርመው፣ የቀነ ገደብ ሐሳብ ለሕጋችን እንግዳ አይደለም። የመረጃ ነፃነትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 590/2000 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መረጃ የተጠየቀ የመንግሥት አካል ከ30 ቀን ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ አፈጻጸሙንም የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይከታተላል። በየመሥሪያ ቤቱ የተለጠፈው የዜጎች ቻርተርም አገልግሎቱን በሰዓትና በቀን ይለካል። ግዴታው በወረቀት አለ። የጎደለው ጥያቄው መቼ እንደገባና መቼ እንደተመለሰ ከውጭ ሆኖ የሚያይ ዓይን ነው፤ ድረ ገጽ ደግሞ ከምንም በላይ የሚችለው ይህን ማሳየት ነው።

ማንበብ ለማይችለውና ስማርት ስልክ ለሌለውም መንገድ አለ። በ2014 የተጀመረው የ8028 የግብርና ጥሪ መስመር ገበሬው በተራ ስልክ ደውሎ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ምክር እንዲሰማ አድርጓል። ድምፅ ማሰማት የቻለ መስመር ድምፅ መቀበልም ይችላል፤ ያው ጥሪ ተቀድቶ፣ ተመዝግቦ፣ ቁጥር ተሰጥቶት ድረ ገጹ ላይ ሊታይ ይችላል። ይህ ሁሉ ግን መስመሩ ክፍት ሲሆን ነው። ኢንተርኔት በጁን 2020 መጨረሻ በመላ አገሪቱ ለሳምንታት፣ በትግራይ ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ገደማ፣ በአማራ ክልል ከኦገስት 2023 በኋላ ለረጅም ወራት ተቋርጧል። ዜጋ ከመንግሥት ጋር የሚነጋገርበት መንገድ በአንድ ትእዛዝ የሚዘጋ ከሆነ፣ የስልክ፣ የወረቀትና የስብሰባ መንገዶች ጎን ለጎን መቀጠል ይኖርባቸዋል።

አንድ ከተማ ነገ ልጀምር ቢል ሶፍትዌር መግዛት አያስፈልገውም፤ ፊክስ ማይ ስትሪትን የመሰሉ ክፍት ሶፍትዌሮች በነፃ ይገኛሉ። ከሶፍትዌሩ በፊት መወሰን ያለበት አንድ ዓይነት ጉዳይ ነው፤ የውኃ መቋረጥ ይሁን ወይም የመንገድ መብራት። ከዚያ ጥያቄውን የሚቀበል ኃላፊ በስም ይሾም፤ ቀኑ ይቆረጥ፤ ቀኑ ካለፈ ጉዳዩ በራሱ ወደ የበላይ አለቃው ይሻገር፤ «ተፈጽሟል» የሚለውን አመልካቹ ያረጋግጥ፤ ሁሉም ለሕዝብ ይታይ። ዓመቱ ሲያልቅ ሪፖርቱ ስንት ሰው ገጹን እንደጎበኘ ሳይሆን ከገቡት ጥያቄዎች ስንቱ በቀኑ እንደተመለሰ፣ ስንቱ እንዳለፈበት፣ ላለፈበትም ማን እንደተጠየቀ ይንገረን። ይህን ቁጥር ለማውጣት የማይደፍር አስተዳደር ድረ ገጹን ባይከፍት ይሻላል፤ ተናግሮ መልስ ያጣ ዜጋ ሁለተኛ ሲጠየቅ ዝም ይላልና።